ከደብሊን ወደ ግሌንዳሎክ፦ ያለ መኪና ገዳሙንም ተራራውንም በአንድ ቀን ለማየት

ደብሊን ከገባሁ ጀምሮ በየዓመቱ፣ በተለይም ቀኑ መርዘም ሲጀምር፣ አንድ ጥያቄ በስልክም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ይደርሰኛል። «መኪና የለንም፤ አንድ ታሪካዊ ስፍራና ጥሩ የእግር መንገድ በአንድ ቀን አይተን የምንመለስበት የት ነው? እንዴትስ ይኬዳል?» የሚል ነው። መልሴ ሁልጊዜ ግሌንዳሎክ በመሆኑና ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያ ማስረዳቱ ስለሰለቸኝ፣ ቅደም ተከተሉን ከነምክንያቱ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ግሌንዳሎክ ከደብሊን በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዊክሎ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ ሸለቆ ነው። ስሙ በአየርላንድ ቋንቋ «የሁለት ሐይቆች ሸለቆ» ማለት ነው። በታችኛው ሐይቅ በኩል በ6ኛው መቶ ዘመን በቅዱስ ኬቨን የተመሠረተው ገዳም ፍርስራሽ አለ፤ በላይኛው ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ በቀለም የተለዩ የእግር መንገዶች ይነሳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእግር 25 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ይህን ርቀት ታሳቢ ያደረገ ነው።

ሰዓቶቹን የጻፍኩት በአየርላንድ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ነው። ምክንያት አለኝ፤ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አውቶቡሱ «አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል» ብዬው፣ እሱ ደግሞ «አውሮፓ ነኝና በአውሮፓ አቆጣጠር ነው» ብሎ በማለዳ 5:30 ባዶ ፌርማታ ላይ ቆሞ ደወለልኝ። እኔ ያልኩት 11:30ን ነበር። እርስዎም ለእንግዳ ሰዓት ሲናገሩ ቁጥሩን ጽፈው ይላኩለት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮፍያ ያለውና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ጃንጥላ አይተካውም፤ ሸንተረሩ ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል፤ ባይገለብጠው እንኳ ሚዛን ለመጠበቅ የሚያስፈልግዎትን አንድ እጅ ይይዝብዎታል።
- ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ። በታችኛው ደልዳላ መንገድ ስኒከር ይበቃል፤ ወደ ሸንተረሩ ለሚወጣ ሰው ግን ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የተራራ ጫማ ያስፈልጋል።
- ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ። ጂንስ አይልበሱ፤ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፤ ይከብዳል፤ የእግርን ሙቀትም ይወስዳል።
- ሹራብ፣ ስስ የሱፍ ቆብና ጓንት፣ በጁን ወርም ቢሆን።
- በፕላስቲክ የተጠቀለለ ትርፍ ካልሲ።
- ለአንድ ሰው 1.5 ሊትር ውሃ፣ ምሳ፣ እንዲሁም በኪስ የሚያዝ ቆሎ። ሻይ በፔርሙስ ከያዙ ጫፍ ላይ ራስዎን ያመሰግናሉ። በጾም ቀን የሚሄዱ ከሆነ ምግቡን ሙሉ በሙሉ ከቤት ይያዙ፤ በሸለቆው ውስጥ የሚሸጠው ጥቂት ነው።
- ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ ካርታው አስቀድሞ ስልኩ ላይ የወረደ። በሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል። የወረቀት ካርታ ለሚፈልግ የዲስከቨሪ ተከታታይ ካርታዎች ቁጥር 56 ይህን አካባቢ በ1:50,000 ልኬት ያሳያል።
- ከኦክቶበር እስከ ማርች የእጅ ባትሪ።
- ጥሬ ዩሮ፣ ወረንጦና አንድ የቆሻሻ ከረጢት።

ከመነሳትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

የላይኛው ሐይቅ ጥልቅና በሙቀት ቀንም እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ከዳሩ አሸዋማ ስለሚመስል ልጆችን ይጋብዛል፤ ነገር ግን ድንገተኛ ቅዝቃዜ ዋና የሚችልን ሰው እንኳ ትንፋሽ ያሳጣዋልና አይግቡበት። ከሐይቁ በላይ ያለው የስፒንክ ሸንተረር በአንድ ወገኑ ገደል ነው፤ ጭጋግ ከወረደ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ከተነሳ አይወጣም። ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ገመዱን መልቀቅ የለበትም፤ በጎችና አጋዘኖች በየቦታው ይሰማራሉ፤ ውሻ በግ ካባረረ ጉዳዩ ከገበሬው ጋር ነው። በታሪካዊ ስፍራዎች ላይ ያለ ፈቃድ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መጠቀም በአየርላንድ ሕግ ወንጀል ነው፤ አንዲት ድንጋይ ለማስታወሻ ማንሳትም አይገባም።

አደጋ ቢደርስ 112 ወይም 999 ይደውሉና የተራራ ነፍስ አድን ቡድን ይጠይቁ። የያዙትን መንገድ ቀለም መናገር ፍለጋውን ስለሚያሳጥረው፣ ሲነሱ ቀለሙን በቃልዎ ይያዙ።

አሠራር

1. ከመሄጃው በፊት የመመለሻውን አውቶቡስ ሰዓት ያረጋግጡ።

ከማዕከላዊ ደብሊን፣ ከሴንት ስቴፈንስ ግሪን አካባቢ የሚነሳው የሴንት ኬቨን አውቶቡስ እስከ ገዳሙ አጠገብ ይወስዳል፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በቀን ያለው ምልልስ ጥቂት ነው፤ ሰዓቱም እንደ ወቅቱና እንደ ሳምንቱ ቀን ይለያያል። ስለዚህ የሚሄዱበትን ቀን የጊዜ ሰሌዳ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ያንብቡ፤ ክፍያው በምን እንደሆነም ያኔውኑ ይዩ፤ የከተማው ካርድ ይሠራል ብለው አይተማመኑ። የመመለሻው ሰዓት የሚቀድመው፣ ያ አውቶቡስ ካመለጠ በቅርብ የሚከተል ሌላ ስለሌለና ከሸለቆው ታክሲ ማግኘት ከባድና ውድ ስለሆነ ነው።

2. በተራራ ላይ የሚቀረውን ጊዜ ያስሉ።

ከመድረሻዎ እስከ መመለሻዎ ካለው ጊዜ ላይ ለገዳሙ 50 ደቂቃ፣ ወደ ላይኛው ሐይቅ ሄዶ ለመመለስ ሌላ 50 ደቂቃ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 30 ደቂቃ ይቀንሱ። የቀረው የተራራ ጊዜዎ ነው። ለምሳሌ በቦታው የሚቆዩት 4 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 270 ደቂቃ ከሆነ፣ ለተራራው የሚተርፍዎት 140 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስሌት ሳይሠራ ረጅሙን መንገድ ይጀምርና መጨረሻውን በሩጫ ይወርዳል፤ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈውም በዚያ ሩጫ ነው።

3. መንገድዎን በቀለሙ ይምረጡ።

መንገዶቹ ከላይኛው ሐይቅ አጠገብ ካለው የፓርኩ መረጃ ቢሮ አካባቢ ይነሳሉ፤ በየመገንጠያው ባሉ ምሰሶዎች ላይ የተቀቡት ቀስቶች ያመለክቷቸዋል። ለአንድ ቀን መንገደኛ የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፦

- አረንጓዴ፦ 3 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደልዳላ፣ 50 ደቂቃ። ለአረጋውያን ለሕፃናትም ይሆናል።
- ሮዝ፦ ወደ ፑላናስ ፏፏቴ፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በታች፣ 45 ደቂቃ። አጭር ቢሆንም ዳገቱ ቀልድ አይደለም።
- ሐምራዊ፦ የማዕድን ሠራተኞች መንገድ፣ በሐይቁ ዳር ደርሶ መልስ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ።
- ሰማያዊ፦ አጭሩ የስፒንክ መንገድ፣ 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 2 ሰዓት።
- ነጭ፦ ስፒንክንና የግሌኒያሎን ሸለቆ የሚዞር፣ 9 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 380 ሜትር ያህል ዳገት፣ 3 ሰዓት ተኩል።

ከላይ ባለው ስሌት 140 ደቂቃ ያለው ሰው ሰማያዊውን ይወጣል፤ ነጩን ግን አይችለውም፤ ለነጩ በጠቅላላው ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ያስፈልጋል። ሰማያዊው ሐይቁን ከላይ ቁልቁል የሚያሳየው ስፍራ ላይ ስለሚያደርስ፣ በአውቶቡስ ለሚሄድ ጤነኛ ጎልማሳ የምመክረው እሱን ነው። ከሕፃናት ጋር ከሆኑ ሐምራዊውን ይያዙ።

4. የአየሩን ትንበያና የቀኑን ርዝመት ይመልከቱ።

የአየርላንድ የሚቲዮሮሎጂ አገልግሎት የሆነውን የሜት ኤረንን ትንበያ ከዋዜማው ማታና ከጠዋቱ ያንብቡ፤ ከዝናቡ ይልቅ ነፋሱን ይመልከቱ። ካፊያ ጉዞን አያስቀርም፤ በካፊያ ምክንያት የሚቀር ሰው አየርላንድን ሳያይ ይቀራል። የብርሃኑ ነገር ደግሞ ይታሰብበት፤ በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው 22:00 ገደማ ሲሆን፣ በዲሴምበር 16:10 ገደማ ነው፤ በሸለቆ ውስጥ ጥላው ከዚያ ቀድሞ ይወርዳል። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ሐምራዊውን ወይም አረንጓዴውን ብቻ ይያዙ።

5. ሲደርሱ ገዳሙን አልፈው በቀጥታ ወደ ላይኛው ሐይቅ ይሂዱ።

ይህ ብዙዎች የሚከራከሩኝ እርምጃ ነው፤ የገዳሙ ክብ ማማ ከፊት ለፊት ቆሞ እያዩት ማለፍ ያሳሳል። ነገር ግን አውቶቡሱ የሚያወርድዎትም የሚጭንዎትም ከገዳሙ ጥቂት ርምጃ ላይ ነው። ተራራውን ካስቀደሙ፣ መንገድ ላይ ቢዘገዩ የሚያጥረው የገዳሙ ጊዜ እንጂ የሚያመልጠው አውቶቡሱ አይሆንም። ገዳሙን ካስቀደሙ ግን እያንዳንዱ መዘግየት ከተራራው ጊዜ ይቆረጣል፤ በተራራ ላይ መቸኮል ደግሞ አደጋ ነው። በተጨማሪም በቡድን የሚመጡት አስጎብኚ አውቶቡሶች ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ እየለቀቁ ስለሚሄዱ፣ ወደ ማምሻው ገዳሙ ጸጥ ይላል።

ከመነሳትዎ በፊት በጎብኚዎች ማዕከሉ መጸዳጃ ይጠቀሙ፤ ቀጣዩ በላይኛው ሐይቅ የመኪና ማቆሚያ አጠገብ ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ የለም። ከዚያም ትንሹን ድልድይ ተሻግረው በደቡቡ ዳር ያለውን አረንጓዴ መንገድ ይያዙ። የመኪናውን መንገድ አይከተሉ፤ ጠባብ ነው፤ በእሑድ ቀን ደግሞ መኪና በመኪና ይሆናል።

6. ዳገቱን በዝግታ ይውጡ፤ ከእንጨት ርብራቡም አይውረዱ።

ሰማያዊውም ነጩም በፑላናስ ፏፏቴ በኩል ሽቅብ ይጀምራሉ፤ ከዚያ በጥድ ደን ውስጥ ወደ 600 የሚደርሱ የእንጨት ደረጃዎች ይከተላሉ። አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,300 ሜትር ከፍታ ያደገ ሰው ካርታውን አይቶ «እንጦጦን የወጣሁ ሰው ይህ ምን አለው?» ይላል። ትንፋሹ በእርግጥ አያጥረውም፤ የሚያሸንፈው እርጥበቱና ነፋሱ ነው። ደረጃውን ሲወጡ ያልብዎታል፤ ከደኑ ሲወጡ ነፋሱ ያንን ላብ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ደረጃው ግርጌ ላይ ሹራብዎን ያውልቁ፤ ከደኑ ሳይወጡ፣ ገና በዛፎቹ መጠለያ ውስጥ ሳሉ፣ መልሰው ይልበሱ። ከወጡ በኋላ ለመልበስ መሞከር ሹራቡንም ኮፍያውንም ለነፋስ ማስረከብ ነው።

ከላይ መንገዱ የባቡር ሐዲድ ከሚያርፍባቸው ወፍራም እንጨቶች የተሠራ ርብራብ ነው። እንጨቱ ላይ ሽቦ የተመታበት እግር እንዳያንሸራትት ነው፤ ሽቦው ተነቅሎ ወይም አልቆ ራቁቱን የቀረ እንጨት ሲያዩ መሃሉን በሙሉ እግር ይርገጡ፤ ዳሩን አይርገጡ። ርብራቡ ጠባብ በመሆኑ ከፊት የሚመጣ ሰው ሲያጋጥምዎት ሰፋ ባለው ቦታ ቆመው ያሳልፉ። ወደ ጎን ወርዶ በሣሩ ላይ መሄድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሣሩ የሚሸፍነው ውሃ ያቆረ ጥቁር ረግረግ ነው። የአንድ ሰው እግር እስከ ጉልበቱ ያሰምጣል፤ የመቶ ሰው እግር ደግሞ አፈሩን ይገልጠውና ዝናቡ ይዞት ይሄዳል፤ ርብራቡ የተሠራውም ይህን ለማስቀረት ነው።

7. የያዙት ቀለም ወደሚወስድዎት ብቻ ይውረዱ።

ሰማያዊው ከመመልከቻው ስፍራ ላይ ከነጩ ይለያል፤ እዚያ ሲደርሱ ሰዓትዎን ይዩ እንጂ ጉልበትዎን አይጠይቁ። ብዙ ሰው ነጩን የሚቀጥለው «ገና አልደከመኝም» ብሎ ነው። ነጩን በቂ ጊዜ ኖሯችሁ ከያዛችሁት፣ ከሸለቆው ራስ ላይ ድንጋያማ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይጠብቃችኋል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ርምጃ አሳጥሩ።

ነጩም ሐምራዊውም የቀድሞውን የማዕድን ሠራተኞች መንደር ያገናኛሉ። እዚህ እርሳስ ይወጣ ነበር፤ የመጨረሻው ሥራ የቆመው በ1957 ነው። ሣር የማይበቅልበት ግራጫ የድንጋይ ክምር የማዕድኑ ዝቃጭ ስለሆነ ልጆች አይጫወቱበት፤ ነክተውት ከሆነም ሳይታጠቡ አይብሉ። የፈረሱት ግድግዳዎች ላይ መውጣትም አይገባም፤ ድንጋዮቹ ልል ናቸው። በዚያ የሚዘዋወሩት የዱር ፍየሎች ምሳዎን ያሸቱታል፤ አይስጧቸው።

በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር ሲመለሱ ወደ ማዶ ይመልከቱ። ከውሃው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በገደሉ ገጽ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ይታያል፤ የኬቨን አልጋ የሚባለው የቅዱሱ በዓት ነው። ከዚህ ማዶ ሆኖ ማየት ብቻ ነው፤ ወደ ዋሻው ለመድረስ አይሞክሩ፤ ደህና መንገድ የለውም።

8. ገዳሙን በደጀ ሰላሙ በኩል ይግቡ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይዩት።

ብዙ ጎብኚ ማማውን ከሩቅ አይቶ በቀጥታ ወደ እሱ ስለሚሄድ የሚያልፈው ነገር ብዙ ነው። በኋላው በር ከገቡ ወጥተው ይዙሩና በመንደሩ በኩል ባለው ጥንታዊ በር ይግቡ። ሁለት ክብ የድንጋይ ቅስቶች አሉት። የመጀመሪያውን ቅስት እንዳለፉ በስተ ቀኝ ያለውን ግድግዳ ይዩ፤ መስቀል የተቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ አለ። ተሳዳጅ ይህን ሲያልፍ በገዳሙ ጥበቃ ሥር መግባቱን የሚያመለክት ምልክት ነበር። ቅርጹ ጥልቅ ስላልሆነ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲያርፍበት አይለይም፤ በስልክ መብራት ከጎን ቢያበሩበት መስመሩ ጥላ ጥሎ ይወጣል። እጅ ግን አያሳርፉበት።

ቀጥሎ ወደ ክቡ ማማ ይሂዱ። ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ነው፤ በሩ ግን ከመሬት 3.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ በመሆኑ ያለ መሰላል አይገባም። የደብረ ዳሞን ገመድ ያየ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል። ዙሪያውን አንዴ ይዙሩና ከላይ ያሉትን መስኮቶች ይቁጠሩ፤ አራቱ በአራቱ ማዕዘን ይመለከታሉ፤ ደወል የሚሰማው፣ መንገደኛም የሚታየው ከዚያ ነበር። የሾጠጠው ጣሪያ በ1876 ከጥንቱ ድንጋዮች እንደገና የተሠራ ነው። ወደ ውስጥ አይገባም።

ከማማው ወደ ካቴድራሉ ፍርስራሽ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ኬቨን ቤተ ክርስቲያን ይውረዱ። ይህች ጣሪያዋ ሳይቀር ከድንጋይ ናት። በጣሪያዋ ላይ የቆመችው ትንሽ ክብ የደወል ማማ የጭስ መውጫ ስለምትመስል የአገሩ ሰው «የኬቨን ወጥ ቤት» ይላታል። የጣሪያውን አሠራር ለማየት ከጎን ይቁሙ፤ እያንዳንዱ የድንጋይ ረድፍ ከሥሩ ካለው ጥቂት ወደ ውስጥ እየገባ ሄዶ አናቱ ላይ ይገናኛል።

በመቃብሮቹ መካከል ሲሄዱ በተረገጠው መንገድ ብቻ ይሂዱ። ቦታው የቱሪስት ሜዳ ቢመስልም መቃብር ነው፤ የወደቁ ድንጋዮች በሣር ስለተሸፈኑም ያሰናክላሉ። ፎቶ ለመነሳት መስቀል ላይ መደገፍ ወይም ሐውልት ላይ መቀመጥ አይገባም።

9. ከመነሻው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድመው ፌርማታው ላይ ይገኙ።

በእሑድና በበዓል ቀን ተመላሹ ብዙ ነው፤ ወንበር ካለቀ መቆም ላይፈቀድ ይችላል። የራሰውን ካልሲ እዚሁ ይቀይሩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል በእርጥብ እግር መቀመጥ ጉንፋን ባያመጣም ጉዞውን ያስጠላል።

10. ቤት እንደገቡ ሰውነትዎን ለመዥገር ይፈትሹ።

ከፀደይ እስከ መኸር በረጅሙ ሣርና በፈርን መካከል መዥገር አለ፤ አንዳንዱም «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። የጉልበት እጥፋትን፣ ብብትን፣ ብሽሽትን፣ የልጆችን ፀጉር ሥር ይዩ። ካገኙ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይያዙና ሳይጠመዝዙ በቀስታ ወደ ላይ ይሳቡ። ቅቤ፣ አልኮል ወይም እሳት አያስጠጉት፤ መዥገሩ ተጨንቆ በውስጡ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። በቀጣዮቹ ሳምንታት በነከሰው ቦታ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና መዥገር እንደነከሰዎት ይንገሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

- ዳቦና ውሃን «እዚያ እንገዛለን» ብሎ መሄድ። ቅርብ ያለችው መንደር ላራ ናት፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ትርቃለች፤ ለምሳ ብሎ እዚያ መመላለስ የተራራውን ጊዜ ይበላል።
- ስልክን ለፎቶ ብቻ ተጠቅሞ ቻርጁን መጨረስ። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ፍለጋ ላይ ስለሚቆይ ባትሪው ከወትሮው ቶሎ ያልቃል፤ ሸንተረሩ ላይ የበረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉት።
- ቡድኑን በፈጣኑ ሰው ርምጃ መምራት። ከኋላ ያለው ሰው መገንጠያ ላይ ቀለሙን ይስታል። ዘገም የሚለውን ከፊት ያስቀድሙ፤ በየምሰሶውም ይጠባበቁ።
- ምልክት ያልተደረገበትን የበግ ዱካ አቋራጭ ነው ብሎ መያዝ። ዱካው የሚያበቃው በጎቹ ውሃ በሚጠጡበት ረግረግ ነው።
- እዚህ በነፃነት ስለተዘዋወሩ ሌላውም ገጠር እንዲሁ ነው ብሎ ማሰብ። ግሌንዳሎክ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከዚህ ውጭ ግን አብዛኛው የአየርላንድ ገጠር የግል መሬት ሲሆን፣ በሰው እርሻ ውስጥ ለማቋረጥ አጠቃላይ መብት የለም። በካርታ ላይ ጥንታዊ ምሽግ ወይም የድንጋይ ክብ ስላዩ ብቻ አጥር አይዝለሉ፤ የገበሬውን ቤት አንኳኩተው ይጠይቁ፤ ከተፈቀደልዎትም በሩን እንዳገኙት፣ ተዘግቶ ከሆነ ዘግተው፣ ተከፍቶ ከሆነም ከፍተው ይተዉት፤ በሩ የተከፈተው በጎቹ ወደ ውሃ እንዲያልፉ ሊሆን ይችላልና።